ፓውዛውን ከአቡጀዲ ኮርኒሱ አርቁልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ፒያሳ አካባቢ በአንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ውስጥ በቅርቡ የቀረበውን፣ ተመልካች ሲጠጋው ብርሃኑ የሚለዋወጠውን የሥነ ጥበብ ትርዒት ተመልክቻለሁ። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው፤ ቅሬታዬ በመብራቱ አተካከል ላይ ነው። ሁለት ሃሎጂን ፓውዛዎች ከአቡጀዲው ኮርኒስ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ሽቅብ ዞረው ይበሩ ነበር፤ ኬብላቸውም ከጥድ በተሠራው የበር መቃን ላይ በምስማር ተመቷል። ሃሎጂን ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ አቡጀዲው ደግሞ የዓመታት አቧራ የተሸከመ የደረቀ ጨርቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በቃጠሎ እንዴት እንደተጎዳ ለሚያስታውስ የአራዳ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

እንዲህ ያለ ነገር አሮጌ ቤት ውስጥ ጨርሶ አይግባ ከሚሉት ወገን ግን አይደለሁም። በደንብ ከታሰበበት ሰው ሲቀርብ የሚነቃና ሰው ሲርቅ የሚደበዝዝ መብራት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከሚበራ ተራ አምፖል ይልቅ ለቤቱ ይስማማዋል። ብርሃን በጨርቅ፣ በወረቀትና በቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው፤ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ሙዚየሞች በቀላሉ ለሚጎዱት እንደ ጨርቅና ወረቀት ላሉ ቅርሶች 50 ሉክስ (ሉክስ በአንድ ነገር ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ገደማ ወሰን የሚያደርጉት ስለዚህ ነው። አንድ ሰዓት በ500 ሉክስ ማብራት አሥር ሰዓት በ50 ሉክስ ከማብራት ጋር የሚስተካከል ጉዳት ያስከትላልና፣ መብራቱ ሰው በሌለበት ቢያርፍ የሚተርፈው ለቤቱ ነው። ባየሁት ትርዒት ግን የሰውን ሙቀትና እንቅስቃሴ ለይቶ መብራቱን የሚያነቃው ሴንሰር ከመስኮቱ ትይዩ በመተከሉ ፀሐይ ያሞቀው መጋረጃ በተወዛወዘ ቁጥር እንደ ጎብኚ ይቆጠር ነበር፤ ባዶው ክፍልም ያለማቋረጥ ይንቦገቦግ ነበር። (ብልጭታው በሰከንድ ከሦስት ጊዜ ሲበልጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች ለአደጋ እንደሚዳርግም አዘጋጆቹ ልብ ያሉት አልመሰለኝም።)

የመብራት መቆራረጥንም ማሰብ ይገባል። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ብዙዎቹ የኤልኢዲ መቆጣጠሪያዎች አስቀድሞ ካልተስተካከሉ በሙሉ ብርሃን ይነሣሉ፤ ጠባቂው በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ከሆነ ግድግዳው እስኪነጋ ሲጠበስ ያድራል። መቆጣጠሪያው በዝቅተኛው ብርሃን እንዲነሣ ማድረግ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የቤቱ የራሱ ብርሃን መዘንጋቱ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሚገኘው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የታሰበው የቀን ብርሃን ከውጭ ዘልቆት ቀለሙን እንዲያወጣው ነው። እንዲህ ያለውን መስታወት ከፊት ለፊት በፓውዛ ብንመታው ቀለሙ ይሞታል። የእንጨት በረንዳና ረጃጅም መስኮት ያሏቸው የከተማችን አሮጌ ቤቶችም በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ብርሃን አላቸው፤ ባለሙያው መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ከመጋረዱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ተቀምጦ ቢያየው ምናልባት የሚጨምረው መብራት በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ስለዚህ የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ቤታቸውን ለትርዒት ከመስጠታቸው በፊት ከአዘጋጁ የመብራት ፕላን እንዲቀበሉ አሳስባለሁ። እያንዳንዱ አምፖል ከእንጨትና ከጨርቅ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በቀላሉ በሚጎዳው ነገር ላይ ስንት ሉክስ እንደሚያርፍ፣ ኬብሉ ያለ ምስማርና ያለ ፕላስተር ራሱን ችሎ በሚቆም ስታንድ እንዴት እንደሚያልፍ በጽሑፍ ይቅረብ። የሉክስ መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ፕላኑ ላይ የተጻፈው ከመክፈቻው ምሽት በፊት በባለቤቱ ፊት ተለክቶ ይረጋገጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመብራት ባለሙያ፣ ከአራዳ