በሰባተኛ ሌሊቷ የሞላችው ጨረቃ፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሥነ ፈለክ ክበባችን ዘንድሮ በዕቅዱ ካሰፈራቸው ሥራዎች መካከል በታሰበላቸው ጊዜ የተፈጸሙት ከግማሽ አይበልጡም። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ጉዳይ ግን በዕቅዱ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበረና ከእኔ ከአስተባባሪው ስሕተት የተነሣ ነው። ስለዚህ የዘገባዬን አብዛኛውን ክፍል ለዚያ ሰጥቼ ሌላውን በአጭሩ ባልፈው አንባቢ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመስከረም 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ እስከ ሰኔ የዘለቁት 22 ናቸው። ያለን መሣሪያ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ያበረከተልን 70 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕና አንድ 10 በ50 ባይኖኩላር ሲሆን፣ ከቴሌስኮፑ ሦስት እግሮች አንዱ ስለተሰበረ በቀርከሃ ጠግነነዋል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጠው ሀብታችን ቦታችን ነው። ትምህርት ቤታችን ለጣና ዳርቻ ቅርብ በመሆኑ በስተሰሜን ከውኃው በቀር ዓይን የሚጋርድ ነገር የለም፣ የከተማው መብራትም ከጀርባችን ይቀራል። የሰሜን ኮከብ ከሐይቁ በላይ 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ብላ ትታያለች፤ ይህ ቁጥር ባሕር ዳር ከምድር ወገብ የምትርቅበት የኬክሮስ ልክ ስለሆነ፣ አዲስ አባላት በፕሮትራክተር፣ በክርና በጠጠር በሠሩት መለኪያ የከተማቸውን ቦታ በራሳቸው እጅ አግኝተዋል። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ የሚደርሱ መልሶች መጡ፤ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም።

የዓመቱ የመጀመሪያ ምልከታ ጹቺንሻን–አትላስ የተባለው ጅራታም ኮከብ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከቻይናና ከደቡብ አፍሪካ በተደረጉ ምልከታዎች የተገኘው ይህ ኮከብ በጥቅምት መጀመሪያ ለምድር ቀርቦ ስለነበረ፣ ጥቅምት 4 እና 5 ምሽት በምዕራብ በኩል ከቬኑስ በስተቀኝ ከፍ ብሎ ያለ መሣሪያ አየነው። በሁለተኛው ምሽት የሰፈሩ መብራት በመጥፋቱ ጅራቱ በእጥፍ የረዘመ መሰለን። መብራት በመጥፋቱ የሚደሰት ክበብ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ጀሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች በየዓመቱ በታኅሣሥ 4 አካባቢ ይበረክታሉ። አብዛኞቹ ተወርዋሪ ኮከቦች የጅራታም ኮከብ ብናኝ ሲሆኑ፣ የጀሚኒዶች ምንጭ ግን ፋኤቶን የተባለ፣ በ1976 ዓ.ም. የተገኘ ድንጋያማ አካል ነው። ሰማዩ ጨለማ ከሆነ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሊያይ ስለሚችል፣ ዘንድሮ ቀኑ ዓርብ መዋሉን አይቼ ተማሪዎች ሌሊቱን በግቢው እንዲያድሩ አሰብኩ። የቀረው ጥያቄ የጨረቃ ነበር። አባቱ መሪጌታ የሆኑ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «እኔ እቆጥራታለሁ» አለና በሰሌዳው ላይ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ማስያ ስሌት፣ ማስላት ጀመረ። 5500 ዓመተ ዓለም ላይ 2017 ሲደመር 7517 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ስለ ዘመኑ ይቀነስና ወንበር የሚባለው ቁጥር 11 ይሆናል፤ 11 በ11 ተባዝቶ 121 ሲሆን፣ በ30 እየተገደፈ አንድ ይቀራል፤ የዓመቱ አበቅቴ፣ ማለትም የጨረቃ ሌሊት ቆጠራው መነሻ፣ አንድ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሲቆጥር ታኅሣሥ 4 ጨረቃ በሰባተኛ ሌሊቷ ላይ እንደምትሆን ደረሰበት። የሰባት ሌሊት ጨረቃ እኩለ ሌሊት ገደማ ስለምትጠልቅ፣ ጀሚኒዶች በሚበረክቱበት በሌሊቱ ሁለተኛ ክፍል ሰማዩ ለእኛ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱ አንድም እንከን ስላልነበረው ክፍሉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያው ቀን ለወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ ተላከ። ስልኬን ከፍቼ የጨረቃዋን ሁኔታ ማመሳከር እችል ነበር፤ አላደረግሁትም።

ኅዳር 29 እሑድ ምሽት ከቤቴ ደጃፍ ቀና ስል ጨረቃ ልክ እንደ ተቆረሰ ዳቦ እኩል ለእኩል ተከፍላ አናቴ ላይ ቆማለች። በስሌቱ ግን ያን ምሽት ገና በሁለተኛ ሌሊቷ ላይ ያለች፣ ማጭድ የመሰለች ቀጭን ጨረቃ መሆን ነበረባት። የፊዚክስ መምህር ሆኜ ለሳምንት ያህል ቀና ብዬ አለማየቴ እስካሁን ያሳፍረኛል። ደብዳቤዎቹ ተፈርመው፣ ቆሎው ተቆልቶ፣ የግቢው ጥበቃዎች ፈቃደኛ ሆነው ስለነበረ ቀኑን መቀየር አልተቻለም፤ እንደዚያው ገባንበት።

የታኅሣሥ 4 ሌሊት ስለዚህ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሆነች ጨረቃ ሥር አለፈ። ሰባቱ ከዋክብት ከጎኗ ነበሩ፤ በብርሃኗ ስለተዋጡ በባይኖኩላር ካልሆነ በቀር ለመለየት አስቸገሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው በሣር ላይ የተጋደሙት ተማሪዎች እስከ ንጋት የቆጠሩት ተወርዋሪ ኮከብ 19 ብቻ ነው። ጁፒተርና አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ ባይኖሩልን ኖሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነቃ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። አስልቶ የነበረው ልጅ ግን አንድ ቃል ሳይናገር አደረ።

በቀጣዩ ሰኞ ክፍሉ በሁለት ተከፈለ፤ ገሚሱ ልጁ አንድ ቦታ ስሕተት ሠርቷል አለ፣ ገሚሱ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ ዘመን አልፎበታል አለ። ሁለቱም ወገኖች ይህን ያሉት ሳይመረምሩ ስለነበረ ክርክሩን አቁመን መዝገብ እንድንይዝ ወሰንኩ። ከጥር እስከ መጋቢት ድረስ ለጋዋ ጨረቃ በምዕራብ ሰማይ መጀመሪያ የምትታይበትን ምሽት በየወሩ እንጽፋለን፤ ከዚያም ልጁ ካሰላው ቀን ጋር እናስተያያለን። ለዚህ ሥራ ዓይን እንጂ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በጥር ለጋዋን ያየናት በ22 ምሽት ነው። የካቲት 21 የረመዳን መግቢያ ስለሚጠበቅ ሙስሊም አባሎቻችን ከሁላችን ቀድመው ዳርቻው ላይ ተሰለፉ፤ ያን ምሽት ከእኛ መካከል ማንም አላያትም፣ በማግስቱ ግን ከግራር ቅርንጫፍ በላይ በግልጽ ታየች። በመጋቢት ደግሞ በ21 ታየች፤ በስሌቱ ያ ጨረቃ የሚጀምረው በ26 ነበር። በሦስቱም ወራት ሰማዩ ከስሌቱ አራት ወይም አምስት ቀን ቀድሟል። ልዩነቱ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደ ኋላ ቢል ኖሮ የእኛ የአቆጣጠር ስሕተት ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን መሆኑ ግን ምክንያት እንዳለው ያሳያል።

ምክንያቱን ያገኘነው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተመሠረተው 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር እኩል ነው በሚለው ዑደት ላይ ነው። አንድ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ተብሎ ሲወሰድ 19 ዓመት 6939.75 ቀን ይሆናል። የጨረቃ ወር በአማካይ 29.53059 ቀን ስለሆነ 235 ወራት 6939.69 ቀን ይሆናሉ። ልዩነቱ በ19 ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ማንም አይነቃበትም፤ በ310 ዓመት አካባቢ ግን አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ስሌቱ በትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጥ ሲሆን፣ ዑደቱ ከሰማዩ ጋር ተስማምቶ ከተደነገገበት ዘመን ወዲህ ከ1,600 ዓመት በላይ ስላለፈ አምስት ቀን ያህል መጠራቀሙ የሚጠበቅ ነው። ያን ዕለት ሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች ዝም አሉ፤ ልጁ ስሌቱን አልሳተም፣ ስሌቱም ለተሠራበት ዓላማ አልከሸፈም።

ዓላማውን ያስረዱን አባቱ ናቸው። ልጁ መዝገቡን ይዞ ቤት ሲሄድ ይቆጡት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። እሳቸው ግን ገጾቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ትምህርት ቤት ድረስ መጡና፣ ባሕረ ሐሳብ በየአገሩ ያለ ክርስቲያን ሁሉ በዓሉን በአንድ ቀን እንዲያከብር የተሠራ ሥርዓት እንጂ ጨረቃን ለመጠበቅ የቆመ ዘበኛ አለመሆኑን አስረዱን። ከአባላቱ አንዷ «ታዲያ ጨረቃዋ እንደቀደመች ያውቁ ነበር?» ብላ ስትጠይቃቸው ሳቁና «ልጄ፣ እኛም እኮ ማታ ማታ ቀና እንላለን» አሏት። እኔ በኅዳር ቀና ሳልል መክረሜን በዚያ ሰዓት ለመናገር አልደፈርኩም።

በዚህ መካከል ሌሎች ሥራዎችም ነበሩ። በኅዳር ሳተርንን ስናይ ቀለበቱ ወደ ጎን ዞሮ መርፌ መስሎ ነበር። በጥር የጨለማ ምሽቶች ደግሞ «ቡና» የተባለውን ኮከብ ፈለግን። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2012 ዓ.ም. ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን ቡና፣ የሚዞረውን ፕላኔት አቦል ብላ ሰይማለች። ኮከቡ በዓይን አይታይም፤ አልማክ እና አልጎል በሚባሉት ሁለት ደማቅ ኮከቦች መካከል እኩሌታ ላይ ባይኖኩላሩን ሲያቆሙ ኤም 34 የተባለው የኮከቦች ክምችት ይገኛል፣ ቡናም ከአጠገቡ ነው። ፕላኔቱን ማየት በእኛ መሣሪያ የማይታሰብ ቢሆንም፣ ቶናና በረካ የሚባሉ ወንድሞች ይኖሩት እንደሆነ ረጅም ክርክር ተደርጓል።

መዝገቡ ትልቁን ፈተና ያለፈው በፋሲካ ሰሞን ነው። በባሕረ ሐሳብ መሠረት የዘንድሮው ፍሥሕ፣ ማለትም የጨረቃዋ አሥራ አራተኛ፣ ሚያዝያ 9 ጸሎተ ሐሙስ ላይ ይውላል፤ ተማሪዎቹ ግን ጨረቃዋ ለሆሳዕና አጥቢያ ሞልታ፣ ሚያዝያ 4 ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ብቅ ስትል አይተዋታል። የትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀና እንዲሉ ነግሬያቸው ስለነበረ፣ ዘጠኙ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ያዩትን በደብተራቸው ሥለው አመጡ። ዘጠኙም ሥዕሎች ከግማሽ ብዙም ያልበለጠች፣ ወጥታ ገና ብዙ ያልቆየች ጠፍ ጨረቃ ያሳያሉ። በስሌቱ አሥራ ሰባተኛ ሌሊቷ ስለነበረ ገና ወፍራም መሆን ይገባት ነበር።

በዚያው የፋሲካ ዕለት ሌላ ነገር ገጠመ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በባሕር ዳር አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች፤ የመጀመሪያው ዘንድሮ የዋለው ልክ ሚያዝያ 12 ነው። እኩለ ቀን በእኛ ሰዓት 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ላይ እንደሚሆን አስቀድመን አስልተን ነበር። ተማሪዎቹ ከዶሮ ወጡ ተነሥተው በየግቢያቸው አንድ ሜትር ዘንግ በቱምቢ አቁመው ጥላው ወደ ዘንጉ እግር ገብቶ ሲጠፋ ተመለከቱ። አንዲት አባል አያቷ ዘንጉን አይተው «ጥላ የሌለው ነገር ደግ አይደለም» ብለው እንዲነቀል እንዳዘዟት ጽፋለች፤ መለኪያው ግን በሰዓቱ ተወስዷል።

ያልተሠራው ሥራ ብዙ ነው። ወደ ዘጌ ለማደር የታቀደው ጉዞ በሌሊት እንቅስቃሴ ችግር ምክንያት ቀርቷል፤ የደቡብ መስቀልን ፎቶግራፍ ለማንሳት የተደረገው ሙከራም በሚያዝያ ጭጋግ ምክንያት አልተሳካም። የቴሌስኮፑ እግር አሁንም ቀርከሃ ነው።

አንድ ምልከታ ግን ከዚህ ዘገባ በኋላ ይቀረናል። ጳጉሜን 2 እሑድ ምሽት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ይሆናል። ምድር ጥላዋን በጨረቃ ላይ መጣል የምትጀምረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ27 ላይ ሲሆን፣ ጨረቃ ከ2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52 ድረስ ሙሉ በሙሉ በጥላው ውስጥ ትቆያለች። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት ብቻ ነው፤ በስሌቱ ግን ያን ምሽት ገና አሥረኛ ሌሊቷ አካባቢ ላይ ትሆናለች። መሪጌታም አብረውን ሊያዩ ቃል ገብተዋል። ጊዜው ክረምት ስለሆነ የጣና ደመና ምን እንደሚወስን አይታወቅም። ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሚሆን ምሥራቁ የማይጋረድበት ግቢ ያላችሁ አባላት ስማችሁን እስከ ሰኔ 25 ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ አስመዝግቡ፤ የጨረቃ መዝገቡም እዚያው ይገኛል፣ ጳጉሜን 2 የሚጻፍበት ገጽ ተሰምሮ ተዘጋጅቷል።