ሦስት ጆንያና አንድ ጣሳ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በ2017 ዓ.ም.

መስከረም ላይ ክበቡን ስንጀምር 31 ነበርን። ለመጀመሪያው ስብሰባ ለልጆቹ የሰጠኋቸው የቤት ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ የአንድ ቀን የቤታችሁን ቆሻሻ ዘርግታችሁ አይታችሁ ኑ። አንዳንድ ወላጆች ደንግጠዋል። አንዲት እናት ደውለው «ቲቸር፣ ልጄን ቆሻሻ እንድትበትን ያዘዟት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምክንያቱን ሳስረዳቸው ግን ከልጃቸው ጋር ቁጭ ብለው አብረው አዩት።

ልጆቹ ጽፈው ያመጡት ሁሉ ይመሳሰላል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የሻገተ እንጀራ። ቀጥሎ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የብስኩት ላስቲክ። ከዚያ ዳይፐር። ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። ይህ ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ከቤት ይወጣል። ውስጡ ያለው ወረቀት በአተላው ይርሳል፤ ከራሰ በኋላ ደግሞ ማንም አይገዛውም። ጠዋት ንጹሕ የነበረ ካርቶን ማታ ቆሻሻ ሆኖ ያድራል። ልጆቹ መጀመሪያ የገባቸው ይህ ነው።

ጥቅምት ላይ በሰፈራችን ቤት ለቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡ አንዲት እናት ጋበዝን። በጽዳት ማህበር ተደራጅተው ነው የሚሠሩት። ስለ ፕላስቲክ ዓይነትና ስለ ዋጋው ያወሩናል ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሳቸው ግን ጓንታቸውን አወለቁና እጃቸውን ዘረጉልን። ቀኝ መዳፋቸው ላይ ከአውራ ጣታቸው ሥር ተነስቶ እስከ አንጓቸው የሚደርስ ጠባሳ አለ። የተሰበረ ብርጭቆ ነው የቆረጣቸው። ከሽሮ ትራፊ ጋር ፌስታል ውስጥ የተጣለ ብርጭቆ ጓንቱን ቀዶ ገባ። «ጠቅልለው ለብቻው ቢሰጡኝ ምን ነበረበት ልጆቼ?» አሉ። «እኔ እኮ በዓይኔ አላየውም፤ በእጄ ነው የማገኘው።» ክፍሉ ጸጥ አለ። የኋላ ወንበር ላይ የሚያወሩት እንኳ ዝም አሉ።

የዚያን ቀን ማታ የዓመቱን ዕቅዴን ቀየርኩ። ፕላስቲክ፣ ወረቀት፣ ብረት እያልኩ በየተራ ላስተምር ነበር። አሁን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ሆነ፦ ይህን ቀጥሎ የሚነካው ማን ነው? ሦስቱ ጆንያና ጣሳው የመጡት ከዚህ ነው። አንዱ ጆንያ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለሚሸጠው፣ አንዱ ለቀሪው። ጣሳው ደግሞ እጅ ለሚጎዳው።

ስለ ጣሳው ትንሽ ልቆይ። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳን አለው። ምላጭና የብርጭቆ ስብርባሪ እዚያ ይገባሉ። መርፌ ግን ለብቻው ነው። አንድ ልጅ አያቱ ስኳር አለባቸውና ኢንሱሊን ይወጋሉ። መርፌውን እስከዚያ ቀን ድረስ የሚጥሉት በወረቀት ጠቅልለው ነበር። ልጁ ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ አዘጋጅቶ «መርፌ» ብሎ በማርከር ጻፈበት። ሲሞላ ክዳኑን አጥብቀው በፕላስተር ይዘጉታል፤ ከዚያ አያትየው ለክትትል ሲሄዱ ጤና ጣቢያው ይረከባቸዋል። ሴት ተማሪዎቻችን ደግሞ በወረቀት ጽፈው ያቀበሉኝ ጥያቄ ነበር፦ ሞዴስስ? እሱም እንደ ዳይፐሩ ቀሪው ጆንያ ውስጥ ነው የሚገባው። ግን ተጠቅልሎና ታስሮ ይግባ። ሽንት ቤት ውስጥ አይጣል፤ ይደፍነዋል። ይህን ጥያቄ ስላነሱ በጣም ነው የማመሰግናቸው።

የሚሸጠው ጆንያ ቀላሉ ነበር። «ቁራሌው!» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ያላደገ ልጅ የለም። ከቁራሌው የተገዛው ብዙው ነገር መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ልጆቹ የሃይላንድ ታች ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ማንበብ ተማሩ። ውስጡ 1 ቁጥር ካለ ተፈልጎ የሚገዛው ዓይነት ነው። ክዳኑ የተሠራው ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ስለዚህ ለይተን ነው የምናስቀምጠው። ጠርሙሱን ጨፍልቆ ማስቀመጥ ቦታ ይቆጥባል። ውስጡ ለስላሳ የቀረበት ግን ሌላውንም ያበላሻል፤ ለቅለቅ ይደረግ።

ያሳዘነን ነገርም አለ። ኅዳር ላይ ልጆቹ ከየቤታቸው ለይተው ያወጡትን ጆንያ በዓይናቸው ተከታተሉት። ጋሪው ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተገለበጠ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ታዲያ ለምን ለየን?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በነጋታው ያቺን ቆሻሻ የሚሰበስቡ እናት ፈልገን ጠየቅናቸው። ጋሪው አንድ ነው፣ ለሁለት የሚከፍለው ነገር የለም አሉን። ደግሞም የሚሸጠውን እነሱም ይፈልጉታል፤ ገቢያቸው ነው። ስለዚህ ቀኑን ለየነው። የሚሸጠውን ቅዳሜ ጠዋት በእጃቸው እናስረክባቸዋለን፤ ቀሪው በተለመደው ቀን ይወጣል። በዚህ መንገድ የሚሰጡ ቤቶች አሁንም ጥቂት ናቸው። ግን አልቀነሱም።

ብዙ ልፋት የጠየቀን የሚበሰብሰው ነው። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን ልጣጩን ሁሉ ጨመርንና በላስቲክ ሸፈንነው። በሁለተኛው ሳምንት እንደተበላሸ እንቁላል ሸተተ። ጎረቤት ክፍሎች መስኮት ዘጉ፤ ቅሬታው ርዕሰ መምህሩ ጋ ደረሰ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነበረብኝ። የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ መጡና «ደረቅ አብሉት» አሉን። ከአናጺ ቤት ሰጋቱራ ለመንን፣ የደረቀ ቅጠል ጠረግን። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ባልዲ ደረቅ። በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ መገልበጥ። ጭብጥ አድርገን ስንጨምቀው ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ እርጥበቱ በዝቷል። ሥጋና አጥንት አንጨምርም፤ ውሻና አይጥ ይጠራል። ከአሥር ቀን በኋላ መሃሉ ላይ ፌሮ ሰክተን ትንሽ ቆይተን አወጣነው። ፌሮው ይፋጃል። ልጆቹ እየተቀባበሉ ነኩት። ያ ሙቀት የሚመጣው በሥራ ላይ ካሉ ደቂቅ ሕዋሳት ነው። የባዮሎጂ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን በእጃቸው ያዙት።

አየር ያጣ ብስባሽ ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኘሁም። ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። በትልቁ ሲከመር ደግሞ እርጥቡ ክምር ይንሸራተታል። የአዲስ አበባው ትልቅ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲናድ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የዛሬ ተማሪዎቼ ያኔ ገና ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ዘንድሮ መጋቢት 2 ቀን በክበባችን ሰዓት ሻማ አበራን፤ ብዙ አላወራንም። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። እርጥብ ቆሻሻ ግን በደንብ አይነድም፤ መጀመሪያ ውኃውን ማትነን ይጠይቃል። ልጣጩን ቤት ማስቀረት እዚያ ድረስ ይጠቅማል።

ብስባሹ መጋቢት መጨረሻ ላይ ደረሰ። ጥቁር ነው፣ ዝናብ እንደነካው አፈር ይሸታል። ቆስጣና ጎመን ተክለንበታል።

አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ የልጅ ሥራ ነው ወይ?» ይሉኛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለይ አዝዟል። እስከ 2017 ዓ.ም. 18 ዓመት ሆኖታል። በዚያው በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ልጆቹ ዜናውን ሰምተው የአያቶቻቸውን ዘንቢል ይዘው መጡ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

የቀረን ሥራ የባትሪ ድንጋዩ ነው። በየቤቱ ተሰብስቦ ሁለት ጣሳ ሞልቷል። የሞባይል ባትሪዎችም አሉ፤ ከተጨፈለቁ ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ ጫፋቸውን በፕላስተር ለጥፈን ለብቻ አስቀምጠናቸዋል። የሚረከበን እስካሁን አላገኘንም፤ ገንዳ ውስጥ መጣል ደግሞ አንፈልግም። ጣሳዎቹ ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ናቸው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ለሚመዘገቡ አባላት የመጀመሪያው ሥራ ለእነዚህ ጣሳዎች ተረካቢ መፈለግ ነው።