የሥነ ፈለክና የፎቶግራፍ ክበብ ዘገባ፦ ከጣና በላይ የዞሩት ከዋክብት

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ከውጭ ይልቅ በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አሳልፏል። የተያዘው ሥራ የከዋክብትን የምሽት ጉዞ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ እንደ ተያያዘ መስመር ማሳየት ሲሆን፣ ፎቶ ማንሳቱ ሦስት ምሽት ሲፈጅ ያነሳነውን ማስተካከሉ ግን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ዘልቋል።

መሬት በዛቢያዋ ላይ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ጊዜ ስለምትሽከረከር፣ ከዋክብት በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል ሲጓዙ ይታያሉ። የካሜራውን ሻተር (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ለሁለት ሰዓት ከፍቶ መተው ደግሞ በባሕር ዳር መብራት ምክንያት ሰማዩን ነጭ ያደርገዋል። ስለዚህ ወላጆች በፈቀዱልን ምሽቶች ሐይቁ ዳር ወርደን፣ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አስረን፣ እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ የሚቆዩ ፎቶዎችን በአንድ አንድ ሰከንድ ልዩነት አከታትለን አነሳን፤ ከምሽቱ 1፡30 እስከ 3፡30 ድረስ 232 ፎቶ ይገኛል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ድካም መና የቀረው በእኔ ጥፋት ነው። የተዋስነው ካሜራ ከእያንዳንዱ ረጅም ፎቶ በኋላ ሻተሩን ዘግቶ ለዚያው ያህል ጊዜ አንድ ጨለማ ፎቶ በማንሳት ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚበተኑ የማይፈለጉ ነጥቦችን) የሚቀንስ ሴቲንግ ነበረው፤ እሱን ማጥፋት ረሳሁ። ግማሹ ጊዜ እዚያ ላይ ስላለቀ ከዋክብቱ መስመር መሆናቸው ቀርቶ የመርፌ ስፌት መስለው ወጡ። ተማሪዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ፊት ለፊቴ አልሳቁም።

ፎቶዎቹን የደራረብነው በነጻ በሚገኘው ጊምፕ በተባለ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ላይትን የሚባለው የመደራረቢያ ስልት በምስሉ እያንዳንዷ ነጥብ ላይ ፎቶዎቹን ሁሉ አስተያይቶ ከሁሉም የበራውን ብቻ ያስቀራል፤ ኮከቡ ቦታ በቀየረ ቁጥር አዲሱ ነጥብ ከቀድሞው ጎን ይቀራልና መስመሩ ያድጋል፣ ጨለማው ግን ጨለማ እንደሆነ ይቆያል። የኮምፒውተሮቻችን አቅም 232 ሌየር (እርስ በርስ የተደራረቡ ፎቶዎች) በአንድ ጊዜ መሸከም ስላልቻለ ሃያ ሃያውን እየጠቀለልን በ12 ጥቅል ከፈልነው። ከሁለት ቁጥር ትልቁን የመምረጥ ሥራ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሠራ ውጤቱ አንድ መሆኑን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ራሳቸው በወረቀት አረጋግጠው ስላሳዩኝ፣ እንደ ሒሳብ መምህርነቴ በዓመቱ ከሁሉም የተደሰትሁት በዚያ ቀን ነው።

ይኸው ስልት ግን የማይፈለገውንም ብርሃን አይምርም። በጥር ወር ባነሳነው ምሽት ከኋላችን የዞረች አንዲት ባጃጅ መብራቷ ደንገሉን ለጥቂት ሰከንድ አብርቶት ኖሮ፣ ከ232 ፎቶ ውስጥ በአንዱ ብቻ የታየው ይህ ብርሃን የመጨረሻውን ምስል የታችኛውን ክፍል በሙሉ አበላሸው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ፎቶ ላይ የበራውን ቦታ ጥቁር ስንቀባው፣ ጥቁር በማንኛውም ብርሃን ስለሚሸነፍ ከሌሎቹ ፎቶዎች የመጣው ምስል ቦታውን ያዘ። የአውሮፕላን መስመሮችንም በዚሁ መንገድ ከየፎቶው ላይ በቀጭን ብሩሽ አጠፋን፤ የተቀባው ቦታ የኮከብ መስመር ካቋረጠ ትንሽ ክፍተት ይተዋል፣ ነገር ግን በዓይን ለመለየት ያስቸግራል።

የዓመቱ ትልቅ ክርክር ስለ ሰሜን ኮከብ ነበር። ተማሪዎቹ ስልካቸው ላይ ያዩዋቸው የከዋክብት ፎቶዎች ከዋክብቱ የሚዞሩበትን የክብ መሃል፣ ማለትም የሰሜን ኮከብ ያለበትን ቦታ፣ ከፍ አድርገው ስለሚያሳዩ፣ የእኛው መሃል ከውሃው ብዙም ሳይርቅ ሲያገኙት ካሜራውን አዘንብለን የተሳሳትን መሰላቸው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ግን ከተመልካቹ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ በዲግሪ ካለው ርቀት) ጋር እኩል ነው ሊባል ይችላል። ለንደን ላይ 51 ዲግሪ ይሆናል፤ ባሕር ዳር ላይ ከ12 ዲግሪ በታች ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት ከፍ የሚል ማለት ነው። ከተማችን በጣና ደቡብ ዳርቻ ስለተቀመጠች ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ይህን መሃል የሚያገኘው ከሐይቁ በላይ ሲሆን፣ ከመሃሉ ራቅ ያሉት ከዋክብት ክባቸውን ሳይጨርሱ ከአድማሱ በታች ይወርዳሉ። አንድ ተማሪ ሰማዩን ከሐይቁ ለይተን ወደ ላይ እንድናነሳው ሐሳብ አቀረበ፤ በኮምፒውተር ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። እንዲህ ያለው ምስል ሌላ አገር የተነሳ ፎቶ እንደሚሆን በመግለጽ ተቃወምሁ፤ ድምፅ ሲሰጥም በሁለት ድምፅ ብልጫ ሰማዩ ባለበት ቀረ።

በዚያው ምስል ላይ ከውሃው መሃል አንዲት የተጠማዘዘች ቢጫ መስመር አለች። በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ የያዘው የእጅ ባትሪ ነው። አውሮፕላኑን አጥፍተን ይህን መተዋችን የተምታታ አሠራር አይደለም ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ፤ ነው። ሆኖም ሁላችንም ወደድናት።

ምስሉ በአሁኑ ጊዜ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተሰቅሏል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው በታችኛው ጥግ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ይታዩታል፤ ከዋክብት ሳይሆኑ ካሜራው ሲሞቅ የሚፈጥራቸው ናቸው። ከሥራው በኋላ ሌንሱን ከድነን ጥቂት ጨለማ ፎቶዎች ብናነሳ ኖሮ ነጥቦቹን በእነሱ ለይተን ከምስሉ ላይ እንቀንሳቸው ነበር፤ ያን ምሽት ግን ሌንሱን ጤዛ ስለሸፈነውና ወላጆችም በር ላይ ይጠብቁ ስለነበር ሳናነሳ ተመለስን።