የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮም ማክሰኞና ሐሙስ በረጅሙ ዕረፍት ሠርቷል። ስብሰባዎቹ እንደተለመደው ነበሩ፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። «ሚኒ ሚዲያ የጠፋ ደብተር ማስነገሪያ ነው» ለሚሉን ግን የስፖርት ዝግጅታችንን እንጥቀስላቸው።

ርዕሱ ስዊድናዊቷ የጎልፍ ተጫዋች አኒካ ሶረንስታም ነበረች። የመጀመሪያው ዝግጅት ወደቀ። 72 የኤልፒጂኤ (የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ) ድል፣ 10 ሜጀር (ከሁሉ ትልልቆቹ ውድድሮች)፣ 8 ጊዜ የዓመቱ ምርጥ እያልን ደረደርን፤ ፓር ምን እንደሆነ ስላልነገርን ጆሮ የሰጠን አልነበረም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2001 ፊኒክስ ላይ በተጫወተችው አንድ ዙር ብቻ ቆመ። ጎልፍ 18 ጉድጓድ አለው፤ ለእያንዳንዱ የሚጠበቀው የምት ብዛት ፓር ይባላል፤ የዚያ ሜዳ ድምር 72 ነው። ከፓር አንድ ምት ማነስ በርዲ ነው። አኒካ ከመጀመሪያዎቹ 13 ጉድጓዶች በ12ቱ በርዲ ሠራች፤ በቀሩት 5 አንድ ጨመረች፤ ከፓር ያለፈችበት የለም። 72 ሲቀነስ 13፣ 59። በኤልፒጂኤ ከዚያ በፊት ያልታየ ውጤት ነው። የጉድጓዱ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን ለማሳየት የወተት ጣሳ ሜዳው ላይ ቀብረን በገና ዱላ አስሞከርን። ብዙው ኳስ በጣሳው አፍ ላይ አለፈ፤ በኃይል ስለሚመቱት ነው።

መሐል ላይ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጮኸ፦ «59 ከ72 ያንሳል፤ ተሸንፋለች ማለት ነው?» ስክሪፕቱ ላይ መልስ የለም። መስከረም ላይ ድምጿ የማይሰማው የሰባተኛ ክፍል አንባቢያችን ወረቀቷን አስቀመጠች፦ «በ10,000 ሜትር ወርቅ የሚወስደው ትንሽ ደቂቃ የፈጀው አይደል? እዚህ ደቂቃው ምቱ ነው።» በዓመቱ ካሰራጨነው ሁሉ ይህ ያልተጻፈው ይበልጥብናል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ከወንዶች ጋር ተወዳድራ 71 እና 74 መትታ በሁለተኛው ቀን መሰናበቷን ልጆቹ «እናስቀረው» ብለው ነበር፤ አላስቀረንም። በዚያው ዓመት የሴቶችን የብሪታንያ ኦፕን አሸንፋለችና።

ግንቦት ላይ አምፕሊፋየራችን ተቃጠለ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቢያንስ 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ለሚፈልግ ማሽን ሁለት ባለ4 ኦም ስፒከር በትይዩ አገናኘን፤ ጭነቱ 2 ኦም ሆነ። ከዚያ ወዲህ በጡሩንባ ነው የምናነበው፤ ከቱሉ ዲምቱ በኩል ነፋስ ሲነሳ ደግሞ የኋላው ብሎክ አይሰማም። የግቢው በር በዓመት ሁለቴ ቀለም ሲቀባ ስላየን፣ ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን) አንድ አምፕሊፋየርና ሁለት ባለ8 ኦም ስፒከር እንጠይቃለን። ሁለቱ ስምንቶች በትይዩ 4 ይሰጣሉ፤ አይቃጠልም።