መስመሩን ዘርግቼልሃለሁ

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? እናትህስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ማን ቀድሞ እንደጠፋ ስትመጣ እንጨቃጨቅበታለን። ዛሬ የጻፍኩልህ ለሥራ ጉዳይ ነው።

ያ ኤኤስ 400 የሚባለው የድሮ የአይቢኤም ኮምፒዩተር አሁንም ይሠራል። ሥራው ወደ አዲሱ ሲስተም ከሄደ ቆየ፣ የድሮው ሒሳብ ግን እዚያው ቀርቷል፤ ኦዲተር በመጣ ቁጥር የምንሮጠው ወደሱ ነው። አሁን የቋሚ ንብረት ሪፖርቱ መሃል ላይ ቆሟል። የዴሲማል ዳታ ስህተት ነው የሚለው። ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ወይም ሌላ ነገር የገባበት መዝገብ አለ ማለት ነው፣ ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ፕሮግራሙን በአርፒጂ፣ በዚያ በማሽኑ የፕሮግራም ቋንቋ፣ የጻፍከው አንተ ነህ፤ እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ አርፒጂ የሚያነብ ሰው አላገኘሁም። ለአንድ ሪፖርት ብለህ ከአዲስ አበባ ያን ሁሉ መንገድ ና ማለት ነውር መሰለኝና በስልክ መስመር ወደ ማሽኑ እንድትገባ አመቻቸሁልህ።

«ኢንተርኔት እያለ ዲያል አፕ?» ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ማሽኑ የኔትወርክ ካርድ የለውማ! ተርሚናሎቹ በትዊናክስ፣ በዚያ በድሮው ኬብል፣ ነው የተያያዙት። ከኋላ ያለችው ሲሪያል ፖርት ግን ደህና ናት፣ የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ከቨርዥን 4 ሪሊዝ 2 ጀምሮ (እ.ኤ.አ. 1998 መሆኑ ነው) ፒፒፒ፣ ማለትም በስልክ መስመር የኔትወርክ ግንኙነት የሚያስኬደውን ዘዴ፣ ይቀበላል። ኮምፒዩተሩን ከስልክ መስመር የሚያገናኘውን ሞደም ሰካሁ፣ ደዋይ የሚቀበል ፕሮፋይል ከፈትኩ፣ ለሚደውለው የሚሰጠውን አይፒ አድራሻ አስገባሁ። ይሄኛው ቀላል ነበር።

ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከቤቴ ላፕቶፕ ስደውል ሞደሞቹ ይጮኻሉ፣ ይገናኛሉ፣ ማሽኑ «አለህ?» ለሚለው ፒንግም ይመልሳል፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቀው የሳይን ኦን ስክሪን ግን ወይ ፍንክች። ለካ በቴልኔት፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ በኔትወርክ፣ የሚገባ ሰው ምናባዊ ተርሚናል ያስፈልገዋል፣ ማሽኑ ደግሞ ካልፈቀድክለት በራሱ አይፈጥርም። ይህን የሚወስነው ኪውኦቶቪአርቲ የሚባለው ሲስተም ቫልዩ 0 ላይ ነበር። 2 አደረግኩት፣ ወዲያው መጣ። ገደብ የለሽ አድርገው ያለኝ ሰው ነበር፤ አልሰማሁትም። እያንዳንዱ ምናባዊ ተርሚናል የይለፍ ቃል ለመገመት ተጨማሪ ዕድል ይሰጣል፣ ስለዚህ ባነሰ ቁጥር እሰየው። ላንተ ለብቻህ የመግቢያ ስም ከፍቻለሁ፤ ሁሉ በሚፈቀድለት በሴኩሪቲ ኦፊሰሩ ስም አትገባም፣ እንዳትቀየመኝ።

ሞደሙ ሁልጊዜ በርቶ አይቆይም። በሞባይል ትደውልልኛለህ፣ አበራዋለሁ፣ ስትጨርስ አጠፋዋለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ክረምቱን ታውቀዋለህ፣ ከሐይቁ በኩል ከጠቆረ መብረቁ ቀልድ የለውም፣ በስልክ መስመር ገብቶ ሞደም ያቃጥላል። ዳመናውን ሳይ የስልኩን ገመድ እራሴ እነቅላለሁ። ዘበኛው ይስቅብኛል።

አንተ ጋ የሚያስፈልገው የመደበኛ ስልክ መስመርና ሞደም ነው። በሞባይል አትሞክረው፣ ድምፁን ስለሚጨምቀው ሞደሞቹ አይግባቡም። የቢሮህ ስልክ በስዊችቦርድ የሚያልፍ ከሆነ የመደወያውን ድምፅ ላያውቀው ይችላል፤ ኤክስ3 የሚለውን የሞደም ትእዛዝ ጨምርበት፣ ሳይጠብቅ ይደውላል። በሰከንድ ከ33.6 ኪሎቢት በላይ ፍጥነት አትጠብቅ፣ በሁለቱም ጫፍ ተራ ሞደም ሲሆን ጣሪያው እሱ ነው። አይበቃም እንዳትል፤ የማሽኑ አረንጓዴ የጽሑፍ ስክሪን 24 መስመር በ80 ፊደል፣ ማለትም 1920 ፊደል ብቻ ነው። የምትጽፈውም ኢንተር ስትል ነው የሚላከው እንጂ በየፊደሉ አይመላለስም። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ከአንዳንዱ የዛሬ ዌብሳይት ይፈጥናል።

መጀመሪያ የንብረት ፋይሉን እንድታይልኝ ነው የምፈልገው። ጥፋቱን የምጠረጥረው ከድሮው መጋዘን የተዛወሩት ዕቃዎች ላይ ነው፣ እነሱ በእጅ ነው የገቡት። ቅጂ ወስጄበታለሁ፣ ስለዚህ ሳትፈራ ነካካው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመችሃል? ቢሮው ጭር ይላል፣ መስመሩም አይያዝም። የይለፍ ቃሉን እዚህ አልጽፍልህም፣ ስትደውል እነግርሃለሁ። እናትህን ሳምልኝ።

ያንተው