በጉባኤው ላይ ማድ ቤታችንም ይነሳ፦ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ፕላንና ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ ስለሚያዘው አቋም

ክቡራን፣

በ2027 የዓለም መንግሥታት ለአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይሰበሰባሉ። (ዘመኑን በፈረንጅ የምቆጥረው ውሎቹ በዚያው ስለተጻፉ ነው።) ለእንግዶቹ የምታሳዩት አይጠፋም፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሕዳሴ ግድብ አለ፣ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከሉ አለ፣ ችግኙም አለ። እኔ የምጽፍላችሁ ግን እንግዳ ስለማይገባበት ስለ ማድ ቤት ነው።

የጣና ውሃ ከምዕራቡ ዳርቻ በዋሻ ተጠልፎ ወደ በለስ ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ጣቢያ ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲሆን አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ጢስ ዓባይም አፍንጫችን ሥር ነው። ያም ሆኖ ባሕር ዳር ውስጥ ከበር ኋላ የከሰል ማዳበሪያ የማያስቀምጥ ቤት ብዙ አላውቅም። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ግሎ፣ እንጀራው ገና ዓይን ሳያወጣ መብራት ድርግም ይላል። የተረፈው ሊጥ በጭራሮ ይጋገራል፤ ወጡና ቡናው ወደ ከሰል ይዞራል። ከሰሉ ከአዊ፣ ከፋግታ ለኮማ ከሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ ራሱ ተክሎ ራሱ ያከስላል፣ ቆርቆሮ ቤት የሠራውም በእሱ ነው። የጎደለን ኃይል ማመንጫ ብቻ አይደለም። ከማመንጫው እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦና ትራንስፎርመር ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ፣ አቶ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው በተደራደሩበት ጉባኤ፣ ሀብታሞቹ አገሮች በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እንዲሞላ ቃል ገቡ። የሞላው በ2022 ነው፤ ያውም በራሳቸው ስሌት፣ ከመንግሥታት ከወጣው ውስጥ አብዛኛው ብድር ሆኖ። በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ፤ ከመንግሥትም ይምጣ ከግል ባለሀብት፣ ሁሉም ይቆጠራል።

ከዓለም በካይ ጋዝ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚለቁት የቡድን 20፣ ማለትም የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ፣ አገሮች ናቸው። ኢትዮጵያ በ2021 ዕዳዬን አሸጋሽጉልኝ ብላ ያመለከተችውም በዚሁ ቡድን የጋራ ማዕቀፍ ነው። በአንድ እጃቸው የድሮውን ዕዳ እያራዘሙ በሌላው ለአየር ንብረት ብለው አዲስ ብድር ቢዘረጉልን፣ ትብብር ብዬ ለመጥራት ይተናነቀኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። መበደር ግድ ከሆነ ኤሌክትሪክ ሸጦ ዕዳውን ለሚከፍል ግድብ ይሁን። ለሰፈር መስመር፣ ለትራንስፎርመርና ለምድጃ የሚሆነው ግን የማይመለስ ዕርዳታ እንዲሆን አጥብቃችሁ ተደራደሩ፤ ብድሩም ከዕርዳታው ተለይቶ ይቆጠር። የአፍሪካ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ የቡድን 20 አባል ነው፣ ጽሕፈት ቤቱም እዚያው አዲስ አበባ ስለሆነ ለማስተባበር አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም።

የአቋሙን ረቂቅ ደግሞ በአማርኛ አውጡትና ከጉባኤው በፊት ባሕር ዳር ላይ አወያዩን። በሥራ ሰዓት ሆቴል አዳራሽ ከጠራችሁ ግን ከሰል ሻጭም ገዢም አይመጣላችሁም፤ ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ