ባለ አንድ ዓይኗ ሥዕልሽ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እኔን ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። በቴሌግራም የላክሽልኝን የሥዕልሽን ፎቶ ካየሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። መልሱን ያዘገየሁት ቸል ብዬ ሳይሆን ነገሩ በስልክ ጽሑፍ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነውና ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ።

እዚያ ዋሽንግተን ያለው የሥዕል መምህርሽ ሥዕሉን አይቶ «እጅሽ ጥሩ ነው፤ አገርሽ ግን አይታየኝም» እንዳለሽና አንቺም ሌሊቱን ስታለቅሺ እንዳደርሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ደግሞ ፎቶውን እንደ ከፈትኩት ያየሁት አገሬን ነው፤ ደንግጬም ስልኩን ለእናትሽ አቀበልኳት። ራስሽን የሣልሽው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ከንፈር። በእኛ ሙያ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ፊት ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ጥያቄ «ይህች ሴት ምን አጥፍታ ነው?» የሚል ነው።

የሥዕላችንን ሕግ ከአጠገቤ ተቀምጠሽ ቀለም ስትበጠብጪ ሰምተሽው ይሆናል እንጂ በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ የዞረ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ፣ ያውም ከፊታቸው ተርፈው ሊወጡ እስኪመስሉ ድረስ ትልልቅ ሆነው። ሰይጣን፣ ሄሮድስ፣ ሰማዕታትን የሚገርፉት ጭፍሮች፣ ጌታን የሚሰቅሉት ሁሉ ግን በጎን ይሣላሉ። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ምክንያቱን ሲነግረኝ፣ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ይጸልያል፣ ሁለት ዓይን ያለው ያየዋል፣ ክፉ ግን ሰውን አይቶ እንዲይዘው ዕድል ሊሰጠው አይገባም ብሎኛል። በሰባት ዓመትሽ ጎንደር ወስጄሽ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ባየሽ ጊዜ «ሁሉም እኔን ነው የሚያዩኝ» ብለሽ ኮቴን አልለቅም ያልሽው ሥዕሉ ሥራውን ስለሠራብሽ ነው።

ይህ ሕግ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ አደባባይ ሲገባ ምን እንደሚሆን እኔ በራሴ እጅ አይቻለሁ። ለቸርችል ጎዳና የባህል ዕቃ መሸጫዎች በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት ዓድዋ እንደሣልኩ ቆጥሬው አላውቅም። አቀማመጡን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር፤ ከግራ ያገሬ ሰው፣ ከቀኝ ጣሊያን፤ ከላይ መካከል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ ምክንያቱም ውጊያው የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለትም በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ምኒልክ ከነዘውዳቸው ከጥላ ሥር፣ ጣይቱ ሽጉጥ ይዘው በፈረስ፣ ባልቻ ከመድፉ ጋር። የእኛ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን አለው፣ ጣሊያን ሁሉ አንድ። በትልቁ አቡጀዲ ላይ እስከ ስልሳ ጣሊያን እሥል ስለነበር ስልሳ ዓይን ብቻ ስለምሠራ ሥራው ቶሎ ያልቅልኝ ነበር። ስንቅ የተሸከሙትንና እህል የፈጩትን ሴቶች ግን ሣልኳቸው ብልሽ ዋሽቻለሁ፤ ቦታም አልነበራቸውም፣ የሚጠይቅላቸውም አልነበረም።

በፈረንጅ ዘንድ የጎን ፊት ነውር እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲያውም ነገሥታታቸው በገንዘባቸው ላይ የሚቀረጹት በጎን ነው። ፓሪስ በተመታው የምኒልክ ብር ላይ ምኒልክ ራሳቸው ባለ አንድ ዓይን ናቸው። እኚያው ንጉሥ በብሩ ላይ በጎን፣ በዓድዋ ሥዕል ላይ ፊት ለፊት መታየታቸውን ልብ ብትይ፣ ሥዕል የሚነግርሽ ስለ ተሣለው ሰው ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን ስላዘዘውና ስለሚያየው ሕዝብም ጭምር መሆኑ ይገባሻል።

ስለዚህ ወደ መምህርሽ ልመለስ። ሰውየው ክፉ አይመስለኝም፤ የሚፈልገውን ግን አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ፈላጊውን ሳስተናግድ ኖሬያለሁ። ለቸርችል ጎዳና ሱቆች በምሠራበት ዘመን አንዱ ባለሱቅ፣ ስሙን ተዪው፣ «ገዢው ያረጀ ነው የሚወደው» ብሎ ሥዕሎቼን በሻይ ቅጠል ውኃ እንድነክርና በእንጨት ጭስ ላይ እንዳንጠለጥል አሠራኝ። እኔም አደረግሁት። ማታ የሣልኩት ጊዮርጊስ በሦስተኛው ቀን የመቶ ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ሲሸጥ ቆሜ አይቻለሁ፤ የትምህርት ቤት ክፍያሽም የተከፈለው በዚያ ጭስ ነውና እንደ ጻድቅ ልናገር አልችልም። ነገር ግን ያ ሥዕል ኢትዮጵያን አያሳይም፤ የሚያሳየው ገዢው ስለ ኢትዮጵያ ያለውን ምኞት ነው። ከፊትሽ ጀርባ መስቀል ወይም ሞሰብ ጨምሪበት የሚል ሰው ካጋጠመሽ ያንኑ ሻይ እየበጠበጠልሽ እንደሆነ ዕወቂ።

የእኛ የምንለውም ቢሆን ከመሬት የበቀለ አይደለም። በየቤቱ የምታያት ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ ጣቶቿን አነባብራ፣ በእጇ መሐረብ መሰል ጨርቅ የያዘችው፣ መልኳን የወሰደችው ሮም በሚገኘው በማርያም ዐቢይ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል ሲሆን፣ ቅጂውን ወደ አገራችን ያስገቡት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ናቸው። ዐፄ ፋሲለደስ ሰዎቹን አባረሯቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፣ ዓይኗ ሰፋ፣ የልብሷ ጥለት ተለወጠ፣ የእኛም ሆነች። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከጀርመን ተምሮ ተመልሶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይህ የፈረንጅ ነው» ያሉት ብዙዎች ነበሩ። «ጎልጎታ»ን ግን ተመልከቺው፤ ቀይ በቀይ የሆነ ስቅለት ነው፣ ዓርብ ስቅለት ሲሰገድ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። ይህ ሰው በስደት ኦክላሆማ ሞቶ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ ይጠራል። አንቺ ያለሽበት ዋሽንግተን ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማረባት ከተማ ናት፤ እሱና ከበደች ተክለአብ እ.ኤ.አ. በ2001 በአልሙኒየም የሠሩት ሥራ በኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ ነው። ፓስፖርትሽን ልታሳድሺ ስትሄጂ ወረፋው ላይ አትነጫነጪ፣ ቆመሽ እዪው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። ዓድዋ ላይ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የተዋጉ፣ ከኤርትራ የተመለመሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ አስካሪ የተባሉ ወታደሮች ነበሩ። ከተማረኩትም መካከል ብዙዎቹ ከሃዲ ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። አንድ ጊዜ እነሱን ለመሣል ሞከርኩ። ባለሱቁ ንድፉን አይቶ «ተዋቸው፣ ገዢው ግራ ይገባዋል» አለኝ። ግራ የተጋባሁት ግን እኔ ነበርኩ። አንዱን አስካሪ በጎን ስሠራው የአጎቴን አፍንጫና የአጎቴን አገጭ ይዞ ከጣሊያን መካከል ቆመ፤ የገዛ ወገኔን ከሄሮድስ ጋር የደመርኩት መሰለኝ። ፊት ለፊት ባዞረው ደግሞ ቅዱስ ሆኖ አረፈው፣ ጠመንጃውም ወደ እኛ የተደገነ ነው። ሕጋችን ለእንዲህ ያለ ሰው ፊት አልሠራለትም። አንድ ወር ሙሉ እያጠፋሁ ስሠራው ከርሜ በመጨረሻ ጥቂት ገልመጥ አደረግሁት፤ አንዱ ዓይን ሙሉ፣ ሁለተኛው ከአፍንጫው ወዲያ በግማሽ የሚታይ። ሥዕሉን የገዛው የለም። ባለሱቁም አልተቀበለኝም፤ እስከ ዛሬ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ነው።

አንቺ ራስሽን በጎን የሣልሽው የኛን ሕግ አስበሽ ይሁን እዚያ የተማርሽውን ተከትለሽ አላውቅም። አስበሽበት ከሆነ፣ ከአገሯ ርቃ የሄደች ልጅ ጥፋተኛ ናት ብሎ የፈረደብሽ ማን እንደሆነ ልጠይቅሽ እወዳለሁ፤ እኔ አይደለሁም፣ እናትሽም አይደለችም። ሳታስቢው ከሆነ ደግሞ እጅሽ ከአጎቴ የወረሰውን አልረሳም ማለት ነውና መምህርሽ አይታየኝም ያለውን ነገር አጠገቡ ሆኖ አልፎታል።

የጎረቤታችን ልጅ ለገና ወደዚያ ስለምትመጣ አስካሪውን ጠቅልዬ እልክልሻለሁ። ቀለሙ ስለሚሰነጠቅ እንዳታጥፊው፤ ግራ እጁን አላሳካሁትምና ካሻሽ አርሚልኝ። አንድ ነገር ግን ጻፊልኝ። ፎቶሽን በጣቴ አጉልቼ ሳየው ከአፍንጫሽ ወዲያ፣ ከቀለሙ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አየሁ። የሁለተኛው ዓይን ሽፋሽፍት ይሁን የስልኬ መስታወት ቆሻሻ መለየት አልቻልኩም፤ እናትሽ ሽፋሽፍት ነው ብላለች።

አባትሽ